ከባዱ ፓወር ሰፕላይ

አባቴ በናፈቀኝ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ይቺ ግዢያችን ናት። ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒዩተር ያለበት ቤት በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የኛው ኮምፒዩተር ፓወር ሰፕላይ፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የብረት ሳጥን፣ ተቃጠለ። እኔ የኮምፒዩተር ተማሪ፣ አባቴ የበርበሬ ነጋዴ፤ ሌላ ልንገዛ ሱቅ ገባን። ባለሱቁ ሁለት አቀረበልን። በእጄ መዘን መዘን አደረግኩና "ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ይከብዳል" ብዬ ከባዱን መረጥኩ። አባቴ ተቀብሎኝ እንደ በርበሬ ዛላ ጆሮው ሥር ነቀነቀውና "ይከፈት" አለ።

"ሐጂ፣ የታሸገ ዕቃ እኮ ነው!" አለ ባለሱቁ።

"እንግዲያው አልፈልገውም።"

ቢከፈት፣ ለክብደት ብቻ የተለጠፈ ቁራጭ ብረት ወጣ! እኔ አፈርኩ። አባቴ ቀላሉንም አስከፍቶ፣ አይቶ ገዛልኝ።

መንገድ ላይ "አባ፣ እንዴት አወቅህ?" አልኩት። ግራ ቀኙን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ፦

"እኔም ድሮ ሚዛን እንዲደፋልኝ በርበሬው ላይ ውሃ አርከፈክፍ ነበር።"