አቶ ጉተማ በሮም ስለተሳሳሙት እጅ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ አደሴ መገርሳ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የክር ፋብሪካ ሠራተኛ
አድራሻ፦ አቃቂ በሰቃ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሚያዝያ 9 ቀን 1971 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት
ተጠርጣሪ፦ አቶ ጉተማ ሰቦቃ

ተጠርጣሪውን የማውቃቸው የወንጌላውያን የጸሎት ማኅበራችን ሽማግሌ በመሆናቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ምግባቸውን የማቀርበው እኔ ነኝ። ከታሰሩም በኋላ ስንቅ የማመላልሰው እኔው ነኝ።

በ1967 ዓ.ም. ከፋሲካ በፊት አቶ ጉተማ፣ እኔና የማኅበሩ ጸሐፊ አሻግሬ ቀናው፣ ከሌላ አገር ፕሮቴስታንቶች ጋር የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናትን ለማጥናት ወደ ሮም ሄደን ነበር። አሻግሬን "አቶ" ብዬ እንድጠራ ተነግሮኛል፤ አንደበቴ እንቢ ስላለኝ በስሙ ብቻ ይጻፍ።

የሮሙን ሊቀ ጳጳስ ያየናቸው በትልቅ አዳራሽ ከብዙ ሕዝብ ጋር፣ ያውም ከሩቅ ነው። ነጭ መልበሳቸውን እንጂ መልካቸውን እንኳ አልለየሁም። ቃል አልተለዋወጥንም። ስንወጣ ግን ደጃፉ ላይ የቆሙ አንድ ሌላ አዛውንት ጳጳስ ከየት እንደመጣን በአስተርጓሚ ጠይቀው ቀለበት ያደረጉበትን እጃቸውን ዘረጉልን። አቶ ጉተማ ተቀብለው ሳሙ። በእኛ በአቃቂ ኦሮሞዎች ዘንድ ሽማግሌና ሽማግሌ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይሳሳማሉ፤ አንዱ ስሞ ሌላው ሳይስም አይላቀቁም። ስለዚህ አቶ ጉተማ የራሳቸውን እጅ ወደ ጳጳሱ አፍ ከፍ አድርገው ጠበቁ። ጳጳሱ ግራ ገባቸው። ከኋላችን ያለው ሰው ይገፋን ጀመር፤ አቶ ጉተማ ግን ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ጳጳሱ ሳቅ ብለው የአቶ ጉተማን እጅ ሳሙ። እንግዲህ እጅ መሳም ሃይማኖት የሚያስለውጥ ከሆነ፣ ጳጳሱም የዚያን ቀን ጴንጤ ሆነዋል ማለት ነው። አሻግሬ አጠገባችን ቆሞ ይህን ሁሉ አይቷል፤ ማታም ስናወራው ከሁላችን በላይ የሳቀው እሱ ነበር።

ባለፈው ጥር አሻግሬ የማኅበሩ ሰብሳቢ ልሁን ሲል አቶ ጉተማ "ገና ነህ ልጄ፣ ቆይ" አሉት። በሳምንቱ አሻግሬ በማኅበሩ ጉባኤ ፊት ቆሞ "የጳጳሱን ቀለበት ስመው ክደዋል" ብሎ ከሰሳቸውና ከኅብረት አሳገዳቸው። ይህም አልበቃው ብሎ ያንኑ ወሬ ቀበሌ ይዞ ሄደ። እዚያ ሲደርስ ቀለበቱ ቀርቶ "ከኢምፔሪያሊስቶች ተልእኮ ተቀብለዋል" ሆነ፤ እሳቸውም በዚሁ ታሰሩ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል። አብረውን ሲዘምሩ የኖሩ ወንድሞችም ቀበሌው ፊት አንድ በአንድ እየተነሱ "እውነት ነው" ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። አንገሸገሸኝ። ከዚያ ወዲህ ከእነሱ ጋር ከአንድ ጽዋ አልጠጣሁም።

ከታሰሩ በኋላ አሻግሬ "ጉባኤው ፊት ንስሐ ቢገቡ ክሱን እናነሳለን" ብሎ በእኔ በኩል ላከባቸው። ነገርኳቸው። "አንቺ አደሴ፣ የሰላምታ ንስሐ አለ እንዴ? ሂጂ፣ እንቢ ብሏል በይው" አሉኝ። እኔም ይህንኑ ነገርኩት።

ዛሬ ጠዋት ስንቅ ይዤ ወደታሰሩበት ስሄድ ጠባቂው ምግቡን ሳይነካ መለሰልኝ። "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ፤ ጋቢያቸውንም አውጥቶ ሰጠኝ። ወዴት ወሰዳችኋቸው ብዬ ብጠይቅ በሩን ዘጋብኝ። ስለዚህ ይህ ቃሌ ለእሳቸው ይድረስላቸው አይድረስላቸው አላውቅም። የአሻግሬ ውሸት ብቻውን መዝገብ ላይ እንዳይቀር ብዬ ሰጥቻለሁ።

ጋቢውን ይዤ ስመለስ አሻግሬ መንገድ ላይ ጠብቆ "እህት አደሴ፣ በጸሎት እናስባቸው እንጂ" አለኝ። ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ቃሌን የሚጽፉት ሃምሳ አለቃ ይህ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢሉኝም፣ ይገናኛል ብዬ አስጽፌአለሁ።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት የጨመርኩት የለም፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አደሴ መገርሳ
ቃሉን የተቀበለው፦ ሃምሳ አለቃ ፈቀደ ሮሪሳ፣ ፊርማ