ልጁ እስኪነቃ

እትዬ ቀይ፣ አራሚ ሆነው ማተሚያ ቤታችን የመጡ ዕለት ጥበቃው የእንግዳ መዝገብ ሰጠዎት። እርስዎም ከፊትዎ የገቡትን የሦስት ሰዎች ስህተት በቀይ እስክሪብቶ አርመው ሲያበቁ ፈረሙ። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ፣ "ሴትዮዋ ሊመረምሩን ነው የተላኩት" አለን። አልተሳሳተም። እስከ ዛሬዋ የጡረታ መሸኛዎ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት መረመሩን።

እኔ ገጽ አቀናባሪ ነኝ፤ ጠረጴዛዬ ከእርስዎ ጋር የተጋጠመ። ቀኝ እጅዎ ያርማል። ግራው ጠረጴዛውን ይመታል፣ በጣት፣ ቀኑን ሙሉ። ስህተት ሲያገኙ ግራው ይቆማል። ያኔ ክፍሉ ትንፋሹን ይውጣል። የማን ገጽ ነው? ብዙ ጊዜ የእኔ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ዓይንህን ጨፍነህ ነው የሠራኸው?"

"ኧረ አንዱን ብቻ ነው፣ እትዬ።"

"ሌላኛውስ ምን ያይ ነበር?"

ያንን መምታት የነርቭ ነገር አድርጌ ቆጥሬው ነበር። አምና፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እዚህ አዳራሽ የወረቀት ካርቶን የምንደራርብበትን ፒያኖ ሲዳስሱ አገኘሁዎት።

"ይጫወታሉ እንዴ?"

"እጫወት ነበር። ልጄ የሚተኛው ፒያኖው ያለበት ክፍል ነበር። እስኪነቃ ብዬ ከደንኩት።"

ልጁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው።

በማግስቱ ካርቶኖቹን አወረድን። ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ አንድ ዜማ፣ ስምንት ወር። በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። ጣትዎ ሲስት ይቆማሉ። ከመጀመሪያው ይነሳሉ። እንደገና ይስታል። መጨረሻውን አንድም ቀን አልሰማሁትም። ስህተት ላይ መቆምን ያስለመድንዎት እኛ እንሆን? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሳኝ።

"ቢያልፉትስ?" አልኩዎት።

"ሥራዬ አለማለፍ ነው" አሉኝ።

ትናንት ግን፣ "ነገ እፊታችሁ እስከ መጨረሻው እጫወታለሁ። ቢበላሽም" አሉ።

በእጅዎ ያለፈ መጽሐፍ ሁሉ ንጹህ ወጥቷል፤ አንዱም ላይ ስምዎ የለም። የእኔን ስህተት አለቃ ሳያየው ወረቀቱን አጥፈው ኪሴ ይከቱልኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አመሰግናለሁ።

እስቲ ብርጭቆ እናንሳ። ለጤናዎ፣ ለዕድሜዎ፣ ለግራ እጅዎ። ቀይ እስክሪብቶውን ለእኔ ይተዉልኝ፤ ዛሬ ማንም አያርምም። ልጅዎ ከፊት ወንበር ላይ ነው፣ የራሱን ልጅ ታቅፎ። ሁለቱም ነቅተዋል።

ይክፈቱት፣ እትዬ።