አክስቴ ከጣሊያን ይዛ የመጣችው አካሄድ

ያሳደገችኝ አክስቴ ጣሊያን አገር፣ ኮረብታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ልጇ ጋር ወራት ተቀምጣ አብረን ወደምንኖርባት ወደ አሜሪካዋ ሲያትል ተመለሰች። ከኤርፖርት በታክሲዬ ይዣት ስመጣ ቼሪ መንገድ ላይ «አቁም፣ በእግሬ ልሂድ» አለችኝ። ፓርክ አድርጌ ተከተልኳት። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ቀስ እያለች፣ የማታውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም ትላለች። «እትዬ፣ ወዴት ነው?» አልኳት። «የትም። እዚያ አመሻሽ ላይ አገሩ ሁሉ ወጥቶ እንዲህ ይንሸራሸራል። አንድ ቀን ብቀር ምን ሆነች ብለው ቤት ድረስ መጡ።» «ሥራ የላቸውም እንዴ?» ስላት ሳቀች። «አላቸው እንጂ! ግን ይጨርሱታል። አንተ መቼ ነው የምትጨርሰው?»

ስልኬ ጮኸ፤ ተሳፋሪ ነው። «ኦኬ እትዬ፣ እንሂድና ቤት ገብተሽ እረፊ» አልኳት። ቆም አለች። «የመጣሁት ልሰናበትህ ነው፣ የኔ ልጅ። ተመልሼ እዚያው ልኖር ነው።» ከመሄዷ በፊት እኔ ስገባ እሷ ተኝታለች፣ እሷ ስትነሳ እኔ ወጥቻለሁ፤ አንድ ቤት እየኖርን የምንገናኘው በስልክ ነበር። ምን ብዬ ቅሪ ልበላት? ስልኩን አጥፍቼ አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። እግሬ ግን ቀስ ማለት አያውቅም፤ ሳላስበው እየቀደምኳት፣ እየቆምኩ ጠበቅኳት።