የባሮክ ረሃብ

(ደሴ፣ በጥር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፤ በጥሩአየሁ ልብስ ስፌት ቤት። ታናሽ ወንድሟ ተመራማሪው ዶክተር ልዑልሰገድ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇን ባሮክን እንደገና ለምርምር እንድትፈቅድለት እየለመናት ነው።)

ልዑልሰገድ፦ እትዬ፣ ከክንዱ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ብቻ እኮ ናት። አደንዝዘን ነው የምንወስዳት፤ አያመውም።

ጥሩአየሁ፦ አልፈቅድም አልኩህ። ስንቴ ልበል?

ልዑልሰገድ፦ ጫማም ይዤለት መጥቻለሁ፤ ያን ሲመኘው የነበረውን ዓይነት።

ጥሩአየሁ፦ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ጫማህን አንሳ።

ልዑልሰገድ፦ ባለፈው ደም ስንወስድ እጁን የያዝሽልን አንቺ ራስሽ አልነበርሽም? ዛሬ ምን ተገኘ?

ጥሩአየሁ፦ ያን ጊዜ የወንድሜን ቃል አምኜ ነበር። «ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ» አላልከኝም?

ልዑልሰገድ፦ ብያለሁ።

ጥሩአየሁ፦ ታዲያ የመጨረሻዋ ለምን ሆንኩ?

ልዑልሰገድ፦ ማን ምን አለሽ?

ጥሩአየሁ፦ ባለፈው ሳምንት ስኳሩ ወጥቶበት ሐኪም ቤት አደርን። ጠዋት አንዲት ወጣት ሐኪም ገባች። ባሮክን አየችው፤ ደግማ አየችው፤ እጁን ገልብጣ አየችው። «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች። ከየት ብላት፣ «ተማሪ ሳለን አንድ ዶክተር ፎቶውን በትልቁ አሳይተውን ነበር» አለችኝ።

ልዑልሰገድ፦ ዓይኑን ሸፍነነዋል እኮ። ደንቡ የሚለው...

ጥሩአየሁ፦ በስልኳ አሳየችኝ። አዎ፣ ዓይኑን በጥቁር ጋርደኸዋል። ሲወለድ የነበረችውን ስድስተኛ ጣት በክር ያሰርኩለት እኔ፣ ጠባሳዋን የማላውቃት መሰለህ? ሸሚዙን አስወልቀህ፣ ሆዱን አስገልጠህ! ልጄን በማንም ፊት!

ልዑልሰገድ፦ ለትምህርት ነው። አንቺም ፈርመሽልኛል።

ጥሩአየሁ፦ የፈረምኩት ለወንድሜ ነው። እንግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ አንብብልኝ እለው ነበር።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ፎቶው ከዛሬ ጀምሮ አይታይም። አሁን ግን ከውጭ የመጡት እንግዶች ማክሰኞ ይመለሳሉ፤ ቆዳዋን ይዘው ካልሄዱ...

ጥሩአየሁ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። የልጄ በሽታ ምንድን ነው? ከዚያች ሐኪም ትንሽ ትንሽ ሰምቻለሁ። ካንተ አፍ ልስማው።

ልዑልሰገድ፦ በሰውነታችን ሴሎች ላይ በዓይን የማትታይ ቀጭን ፀጉር አለች። እንደ ጣሪያ አንቴና ናት፤ መልእክት ትቀበላለች። የባሮክ አንቴና ከተፈጥሮዋ የተበላሸች ናት።

ጥሩአየሁ፦ ስኳሩስ?

ልዑልሰገድ፦ ስኳርን የሚቆጣጠሩት የቆሽት ሴሎችም ያቺው ፀጉር አለቻቸው። እሷ ስትበላሽ ሥራቸውን ይስታሉ። ቆዳዋን የፈለግናትም ለዚህ ነው፤ ከሷ የቆሽት ሴል አብቅለን ምን እንደሚያጠፋው ለማየት።

ጥሩአየሁ፦ የሰው ቆሽት አጠናለሁ ብለህ የኔን አሳረርከው። ሲመሽ እየተደናበረ ግድግዳ የሚገጨውስ?

ልዑልሰገድ፦ የዓይኑም ነገር ከዚያው ነው። ብርሃኑ... እየቀነሰ ይሄዳል፣ እትዬ።

ጥሩአየሁ፦ ይጠፋል በለኛ።

ልዑልሰገድ፦ ሊጠፋ ይችላል።

ጥሩአየሁ፦ መብላቱስ?

ልዑልሰገድ፦ እ?

ጥሩአየሁ፦ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም። መብላቱ! ጠገብኩ የማይለው ነገር!

ልዑልሰገድ፦ እሱም በሽታው ነው። «ጠግበሃል» የሚለው መልእክት አንጎሉ ጋ በደንብ አይደርስም። በልቶም ይርበዋል።

ጥሩአየሁ፦ በልቶም ይርበዋል።

ልዑልሰገድ፦ ሆዳምነት አይደለም።

ጥሩአየሁ፦ ጓዳውን ቆልፌበት ነበር፣ ልዑል። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ቁልፉን ሰብሮ ገብቶ ጥሬ ዱቄት ሲቅም አገኘሁት። ፊቱ ነጭ በነጭ ሆኖ፣ እየሳለ፣ እየቃመ። በአባቱ ቀበቶ ገረፍኩት። ስኳር ያለበት ልጅ ምግቡ ይመጠን ስላሉኝ፣ ያዳንኩት መስሎኝ! ይህን መቼ ነው ያወቅከው?

ልዑልሰገድ፦ ውጤቱ በሌላ ላቦራቶሪ መረጋገጥ ነበረበት። ከዚያ ደግሞ ጽሑፋችን እስኪታተም...

ጥሩአየሁ፦ መቼ አልኩህ!

ልዑልሰገድ፦ ዓመት አልፎታል። ግን ብነግርሽስ ኖሮ? ከሥሩ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። በባዶ ከማስጨንቃት ብዬ ነው።

ጥሩአየሁ፦ ለበሽታው ባይኖር ለቀበቶዬ መድኃኒት ነበረው፤ ያንተ አንዲት ቃል! «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ሲባል ስለ ታማሚው ነበር የሚመስለኝ። የሸሸገው ሐኪሙ ሲሆን ምን እንደሚባል እንጃ።

ልዑልሰገድ፦ ሌላ የምትጠይቂኝ ካለ ጠይቂኝ፤ እነግርሻለሁ።

ጥሩአየሁ፦ ከማን ነው የመጣበት? የባሌ የአውላቸው እናት «በልጄ ዘር እንዲህ ያለ የለም፤ ያመጣችው እሷ ናት» ስትል ነው የኖረችው። ባሌም አንድ ቀን ተይ አላላትም።

ልዑልሰገድ፦ ከሁለታችሁም ነው። ከእናትም ከአባትም ካልተገናኘ አይወጣም። እናንተ ትሸከሙታላችሁ እንጂ አትታመሙም።

ጥሩአየሁ፦ ይህንንም ታውቅ ነበር። ስሰደብ እየሰማህ።

ልዑልሰገድ፦ አውቅ ነበር።

ጥሩአየሁ፦ ያንተም ደም የኔው ደም ነው፤ አንድ ማኅፀን ነው ያፈራን። አንተስ?

ልዑልሰገድ፦ እኔም ተሸካሚ ነኝ።

ጥሩአየሁ፦ ተመርምረሃላ።

ልዑልሰገድ፦ አዎ።

ጥሩአየሁ፦ ሚስትህስ? ሕሊናስ?

ልዑልሰገድ፦ እሷ ነፃ ናት።

ጥሩአየሁ፦ እሷንም አስመርምረሃታል! መቼ?

ልዑልሰገድ፦ እትዬ፣ ይሄ እኮ...

ጥሩአየሁ፦ መቼ ነው?

ልዑልሰገድ፦ ከሠርጉ በፊት።

ጥሩአየሁ፦ ባሮክን ከምግቡ ጠረጴዛ በጆሮው ጎትቼ ያስወጣሁት ያንተ ሠርግ ላይ ነው። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ፣ «አዋረድከኝ፣ አንተ ሆዳም!» እያልኩ። ሳህኑ ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። አንተ ከሙሽራ ወንበርህ ላይ ሆነህ ትመለከተኝ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ አይቻለሁ።

ጥሩአየሁ፦ ምን አልክ በልብህ?

ልዑልሰገድ፦ ነገ እነግራታለሁ አልኩ።

ጥሩአየሁ፦ ነገ! ሕሊናን አገባህ እንጂ ሕሊናስ አልገባህም። እናታችን ከሞተች ወዲህ በዚህ መኪና እየሰፋሁ፣ ወገቤ እስኪጎብጥ ነው ያስተማርኩህ። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ልዑልሰገድ፦ ፈርቼሽ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ባሮክ ቁጥር ነበር፤ በቁጥር ስጠራው ይቀለኝ ነበር። እዚህ መጥቼ አጎቴ ሲለኝ ግን አፌ ይያዛል።

ጥሩአየሁ፦ አንተ ቁጥር ስትለው፣ እኔ ሆዳም ስለው፤ ይህን ልጅ በስሙ የጠራው ማን ነው?

ልዑልሰገድ፦ ማሪኝ። ቆዳውም ይቅር፣ እንግዶቹም ይሂዱ። ለባሮክ እኔ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ።

ጥሩአየሁ፦ ነግሬዋለሁ። ያቺ ሐኪም ያስረዳችኝን ያህል፣ እግሩ ላይ ወድቄ። ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «እማ፣ ይርበኛል ስልሽ ነበር እኮ» አለኝ።

ልዑልሰገድ፦ ከዛሬ ወዲያ የምደብቅሽ ነገር አይኖርም። ሌላ ልጅ የምታስቡ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ንገሪኝ፤ በእያንዳንዱ እርግዝና ከአራት አንድ የመታመም ዕድል አለ። ሁለታችሁንም አስቀምጬ አስረዳችኋለሁ። ይኸው ቃሌ።

ጥሩአየሁ፦ ቃልህን ለሕሊና ስጣት። እኔ ለሰኔ እወልዳለሁ።