ዛሬ የደረሰ ብርሃን

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አጠገባቸው ወደተቀመጠችው ተማሪ ስልክ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይኼ ሸጋ ነገር ምንድን ነው?»

«ጋላክሲ ይሉታል አያ፤ የከዋክብት መንጋ ነው። እንደ ወንዝ አዙሪት ይሽከረከራል።»

«ምነው መሀሉ ቢጫ፣ ዳሩ ሰማያዊ ሆነ?»

«መሀል ያሉት ያረጁት ናቸው፤ ዳር ያሉት ገና የተወለዱት።»

«ሽማግሌው መሀል፣ ልጆቹ ዙሪያውን!»

«በጣም ሩቅ ነው። ብርሃኑ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ተጉዟል።»

አዛውንቱ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ።

«ምነው አያ? ዓይንዎን አመመዎት?»

«አላመመኝም ልጄ። ሁለት ዓመት ታውሬ ኖሬ፣ ሐኪሞች ዓይኔን አክመው ፋሻውን የፈቱልኝ ዛሬ ጠዋት ነው።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው፣ ብርሃኑን «እንኳን ደህና ገባህ» አሉት።

እኔ መውረጃዬ ሲያልፍ እያየሁ «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።