የሰባት ከሩቡ አውቶቡስ

(ቀትር ላይ፣ ከከተማው ዳር ባለ የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ከብሎክ አርባ አንድ ፊት ለፊት ባለው የአውቶቡስ ፌርማታ፤ የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ትርንጎ፣ ጡረታ የወጡትን የአየር ጠባይ ታዛቢ ጋሽ ምናሴን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አግኝታቸዋለች።)

ትርንጎ፦ ወረቀቱን ይስጡኝ እንጂ ጋሼ! ደረትዎ ላይ ለጥፈው ሊያድሩ ነው?

ምናሴ፦ አልጨረስኩም።

ትርንጎ፦ ምኑን ነው ያልጨረሱት? ዐሥራ አራት ቀን ቆጥረዋል፣ ደምረዋል፣ በቀይ አስምረዋል። ስብሰባው እኮ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ምናሴ፦ የሚታረም ነገር አለው።

ትርንጎ፦ የላይኛው ብሎክ ሰዎች ለባቡሩ ሦስት መቶ ፊርማ ይዘው ነው የሚመጡት። እኛ የታችኞቹ ያለን የእርስዎ ቆጠራ ብቻ ነው።

ምናሴ፦ ባቡሩም ክፉ ሐሳብ አይደለም።

ትርንጎ፦ ምን አሉ?

ምናሴ፦ ያየሁትን ነው የምልሽ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ስልሳ ሁለት ሰው ይሰለፋል። አውቶቡሱ አርባ ያህሉን ይዞ ይሄዳል፤ የቀረው ሚኒባስ በር ላይ ይጋፋል። ባቡር ቢሆን ሁሉንም ያነሳል፤ መንገድም አይዘጋበትም።

ትርንጎ፦ ሊቀመንበራችንም እንዲሁ ነው የሚሉት። «ባቡር ሲገባ ሰፈራችን ከተማ ይሆናል።» እሳቸው መኪና አላቸው፤ ባቡሩን ከመስኮት ለማየት ነው የሚፈልጉት።

ምናሴ፦ ማየትም አንድ ነገር ነው።

ትርንጎ፦ ቀልዱን ይተዉት። ባቡሩ የሚቆመው አደባባዩ ጋ ነው። ከዚህ እስከዚያ በእግር ስንት ነው?

ምናሴ፦ በእኔ እርምጃ ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አርፌ።

ትርንጎ፦ ለክተውታል!

ምናሴ፦ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያውን ግን ጥዬዋለሁ፤ ውሻ ስላባረረኝ እርምጃዬ ረዝሞ ነበር።

ትርንጎ፦ እርስዎ ሁለት ጊዜ ካረፉ፣ ብሎክ ሠላሳ ዘጠኝ ያሉት እማማ አመለወርቅ በምን ሊደርሱ ነው? በጸሎት?

ምናሴ፦ እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ አስቤዋለሁ።

ትርንጎ፦ ታዲያ ምን ያቅማማሉ? ከከተማው ትራንስፖርት ቢሮ የመጡት ሰዎች ያሉትን ሰምተዋል። ባቡሩ ከተመረጠ አውቶቡሱ ከዚህ ይነሣል። አውቶቡሱ በብሎኮቹ መሃል እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ደግሞ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከፌርማታችሁ ማንም ሳይሳፈርበት ያለፈ ጉዞ አንድም መኖር የለበትም ብለዋል። አንድ ጊዜ ያሳዩኝ፤ አልቀደውም።

ምናሴ፦ እንኪ። እጥፋቱን አታበላሺው።

ትርንጎ፦ ይኸው! ባዶ የሚባል የለም። ቀትር ላይ እንኳ፣ ሰፈሩ ውስጥ በረንዳ ላይ ከተሰጣ ልብስ በቀር የሚንቀሳቀስ በሌለበት ሰዓት፣ የሰባት ከሩቡ አንድ ሰው አለው። አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ እሁድም አንድ።

ምናሴ፦ የሰባት ከሩቡን ተዪው።

ትርንጎ፦ ለምን እተወዋለሁ? ያዳነን እሱ ነው። ይህን ሰው ባገኘው ጉልበቱን እስም ነበር።

ምናሴ፦ አትሳሚው።

ትርንጎ፦ ያውቁታል ማለት ነው?

ምናሴ፦ አውቀዋለሁ።

ትርንጎ፦ ከየትኛው ብሎክ ነው?

ምናሴ፦ ከአርባ አንድ።

ትርንጎ፦ ከእኛው ብሎክ! ማን ይሆን? በዚህ ሰዓት ሁሉም ሥራ ላይ ነው።

ምናሴ፦ አታድርቂኝ ትርንጎ። እኔ ነኝ።

ትርንጎ፦ እና ቢሆኑስ? እርስዎ ሰው አይደሉም?

ምናሴ፦ ሰው ነኝ። ተሳፋሪ ግን አይደለሁም። የትም አልሄድም። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተቀምጬ እሄዳለሁ፣ ሳልወርድ በዚያው እመለሳለሁ። የሚዞረው አንድ አውቶቡስ ስለሆነ ቆጠራው አያመልጠኝም።

ትርንጎ፦ ይህንንም አስበውበታል!

ምናሴ፦ ሁሉን አስቤ ዋናውን ሳትኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት የዝናብ መለኪያ ጠብቄአለሁ። ታዛቢ መለኪያው ውስጥ የራሱን ውሃ አይጨምርም። ጠብታ ብትሆን እንኳ፣ የዚያን ቀን መዝገብ ውሸት ታደርገዋለች።

ትርንጎ፦ ስለ ዝናብ አልጠየቅኩዎትም። የትም ካልሄዱ ለምን ይሳፈራሉ?

ምናሴ፦ ትኬት ቆራጯ ትጠይቀኛለች።

ትርንጎ፦ ምን ብላ?

ምናሴ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ሙቀቱ ስንት ነው?» ትለኛለች። በረንዳዬ ላይ፣ ጥላው በኩል፣ ቴርሞሜትር ሰቅያለሁ። አይቼ ነው የምወጣው። እነግራታለሁ።

ትርንጎ፦ ከዚያስ?

ምናሴ፦ «እሺ» ትላለች።

ትርንጎ፦ በቃ?

ምናሴ፦ በቃ። ጣቢያው ሳለሁ በየሦስት ሰዓቱ ሬዲዮ ከፍቼ ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ደመናውን አነብ ነበር። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው «ተቀብያለሁ» ይለኛል። መልኩን አላውቀውም። ግን አንድም ቀን ሳይመልስልኝ ቀርቶ አያውቅም። ማታ ደግሞ ቤት ስገባ ባለቤቴ ነበረች፤ «ዛሬ ምን አየህ?» ትለኛለች። አሁንም አያለሁ፣ እጽፋለሁ። ለማን ላንብበው? ለፍሪጁ?

ትርንጎ፦ እኔ ከእርስዎ በላይ ነው የምኖረው። ማንኳኳት ነበራ።

ምናሴ፦ ምን ብዬ? «ሃያ ሦስት ዲግሪ ነው» ብዬ?

ትርንጎ፦ ይግቡ እልዎት ነበር።

ምናሴ፦ የመጀመሪያው ቀን ትይኛለሽ። ሁለተኛውም ቀን ትይኛለሽ። በአራተኛው ቀን ኮቴዬን ስትሰሚ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ታደርጊያለሽ፤ የለችም እንድል።

ትርንጎ፦ ላደርገው እችላለሁ። አልዋሽዎትም።

ምናሴ፦ አውቶቡስ ግን ሁልጊዜ ይከፍታል። አሁን ወረቀቱን መልሺልኝ።

ትርንጎ፦ ምን ሊያደርጉት?

ምናሴ፦ አንዱን እየሰረዝኩ ዜሮ ልጽፍበት። ዐሥራ አራት ዜሮ።

ትርንጎ፦ ጋሼ! ይህ እኮ ባቡሩን አምጡት ማለት ነው።

ምናሴ፦ ገብቶኛል።

ትርንጎ፦ አውቶቡሱ ከተነሣ እርስዎም የሚሳፈሩበት የለዎትም። ትኬት ቆራጯም ሌላ መስመር ትሄዳለች።

ምናሴ፦ ገብቶኛል አልኩሽ! እሷን እንዳላጣ ብዬ እኮ ነው አንድ፣ አንድ እያልኩ የጻፍኩት። ስጽፍ ምንም አልመሰለኝም። ትናንት ስደምር ነው ያፈርኩት። ለራሴ ብዬ ሰፈር ሙሉ ሰው ላታልል?

ትርንጎ፦ ማንን አታለሉ? እማማ አመለወርቅን ዳገት አስወጥተው እውነተኛ ሊባሉ ነው?

ምናሴ፦ ስለ እሳቸው ስብሰባው ላይ እናገራለሁ። እርምጃውንም እናገራለሁ። ቆጠራው ውስጥ ግን የሌለ ሰው አላስገባም። ይኸው፣ ጨረስኩ። ፈረምኩ። አሁን አንቺ ከሥር ፈርሚ።

ትርንጎ፦ እኔ ደግሞ በምን ገባሁ?

ምናሴ፦ ቅጹ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው፤ የቆጠረውንና ያረጋገጠውን። የአንድ ሰው ዓይን ሊስት ይችላል። የጣቢያው ደንብም እንዲሁ ነበር።

ትርንጎ፦ ሁለተኛው ሰው የሚያረጋግጠው ምንድን ነው?

ምናሴ፦ ያየውን። የሰማውን አይደለም፣ የሚፈልገውንም አይደለም። ያየውን ብቻ።

ትርንጎ፦ እንግዲያው ያየሁትን ልንገርዎ። ከሥራ ከቀነሱኝ ስምንት ወሬ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ጠዋት ለብሼ ወጥቼ፣ ደረጃው ጭር ሲል እመለሳለሁ። ከዚያ ኩሽና መስኮቱ ላይ ነኝ። ሰባት ከሩብ ላይ እርስዎ ሲሳፈሩ አያለሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሲመለሱ ምሳዬን አቀርባለሁ።

ምናሴ፦ እስከ ስምንት ተኩል ጦምሽን?

ትርንጎ፦ ከታች የእርስዎ በር ሲከፈት ይሰማኛል። ሕንፃው ውስጥ ሰው ገባ ስል እህሉ ይወርድልኛል።

ምናሴ፦ ታዲያ ቅድም «ማን ይሆን?» እያልሽ ስትመረምሪኝ የነበረው?

ትርንጎ፦ ከአፍዎ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። የት እንደሚሄዱ ግን እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። ሐኪም ቤት ይመስለኝ ነበር።

ምናሴ፦ ከመስኮት ማየት ምስክርነት አይደለም። ሰው ይምታታል።

ትርንጎ፦ ማክሰኞ ዕለት ግራጫ ኮትዎን ነበር የለበሱት። አውቶቡሱ ስለዘገየ ሁለት ጊዜ ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። የተሳፈሩት ሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ነው።

ምናሴ፦ ከሃያ ሦስት።

ትርንጎ፦ ይሁን፣ ከሃያ ሦስት። ዐሥራ አራቱንም ቀን አይቼዎታለሁ ጋሼ፤ በዓይኔ ያየሁትን ሰው ዜሮ ነው ብዬ አልመሰክርም።