ዋግ ሲተረጎም

ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንድ መሪጌታ ተቀምጠዋል።

«ሁለተኛ ዲግሪው በምንድን ነው ልጄ?»

«ሳይንስን ለሕዝብ ማስረዳት ነው፣ መሪጌታ።»

«ሕዝቡ እኔ ነኝ?»

«እርስዎም አሉበት። ሰኞ ለፈተና የማቀርበውን ልሞክርብዎት?»

«ሞክሪብኝ።»

«የስንዴ ዋግ ፈንገስ ነው፤ ስፖሩ በነፋስ...»

«ይህ ግዕዙ ነው፤ ትርጓሜውስ?»

ሳቀች።

«እሺ። ዋግ ሕይወት አለው። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ ነፋስ ከማሳ ማሳ ይዞት ይሄዳል።»

«አንድም?»

«አንድም ምን?»

«ትርጓሜ በአንድ መንገድ ብቻ አያልቅም። ሌላ አምጪ።»

«አንድም... ዋግ ማረሻ የሌለው ገበሬ ነው፤ በሬው ነፋስ ነው።»

«ገባኝ! ንፋስ መውጫ ላይ ስንዴ የዘራሁት እኔ ነኛ ሞኙ! በይ ቀጥይ፤ አንድም?»

«ወራጅ አለ» የምልበት ቦታ አልፎኛል፤ እኔም ሦስተኛውን «አንድም» እየጠበቅሁ ዝም አልሁ።